የአባባ አስተርጓሚ

ባለፈው ሐሙስ ማታ ጀብራ ሰፈር፣ እህቴ ቤት ጣሪያ ላይ፣ ልጆቿ በነጭ አንሶላ ላይ በፕሮጀክተር አስፈሪ ፊልም ሲያዩ የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ ሸተተኝ። ልጅ ሳለን አባባ ከኦምዱርማን ሲኒማ ሲመለስ ኪሱ እንዲህ ይሸት ነበር።

ያኔ እሱ የሚያየው አስፈሪ ፊልም ህንድኛ፣ ከሥሩ የሚጻፈው ትርጉም ዐረብኛ ነበር። አባባ ዐረብኛ ማንበብ ስለማይችል፣ አጠገቡ ተቀምጦ በአማርኛ የሚያንሾካሹክለት ልጅ ይፈልግ ነበር። በንባብ ከእህቴ የምበልጠው እኔ ነበርኩ። የሚወስደው ግን እሷን ነው።

አንድ ማታ ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ጠበቅሁት።

«የላ፣ ግቢ!» አለኝ። «አንቺ ሬሳ ሲነሳ ካየሽ ሰፈሩን ነው የምትቀሰቅሺው። እህትሽ ወንድ ናት።»

«እሷ እኮ ማንበብ ሲያቅታት ከራሷ እየፈጠረች ነው የምትነግርህ!»

«ትፍጠራ» ብሎ ሳቀ። «ያምርባታል።»

እኩለ ሌሊት ላይ ሲመለሱ፣ ግቢው ውስጥ አንገረቤ፣ የገመድ አልጋዬ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ሳቃቸውን አዳመጥኩ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ጣሪያው ላይ የእህቴ ትንሿ ልጅ ወደ እኔ ዞረች። «አክስቴ፣ አያቴ እንዲህ ያለ ፊልም ይወድ ነበር አሉ። ማን ነበር የሚያነብለት?»

«እኔ» አልኩ።

እህቴ አጠገቤ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አዎ፣ እሷ ነበረች» አለች። «እኔማ ንባቡ አይሆንልኝም ነበር።»

ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ያንንም ቢሆን የሰጠችኝ እሷ ሆነች።