በንጉሡ ሠ ታርሞ ይታተም

ባለፈው ሳምንት የአንድ ነገረ መለኮት መጽሔት አዘጋጅ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ጨዋ ወጣት፣ ይገምግሙልኝ ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለቡ ባለው ቤቴ ተቀምጬ እንዲህ ያለውን ሥራ አልፎ አልፎ እቀበላለሁ። የጸሐፊው ስም እንደ ደንቡ ተሰርዟል። መነጽሬን አድርጌ እያነበብኩ ስድስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ፀሐይ ስትወጣ የማንንም ደጅ አታንኳኳም፤ አጥር የሌለው ግን ቀድሞ ይሞቃታል» ይላል። ከግርጌ የአንድ ዶክተር ስም ሰፍሯል፤ እኔን ያስተማረኝ ዶክተር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሰዎች በስብከትም በጉባኤም በእሱ ስም ሲጠቅሱት አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። የእሱ ግን አይደለም።

በደርግ ዘመን፣ ሃያ አራት ዓመቴ ላይ፣ መካኒሳ በነበረ አንድ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ረዳት መምህር ነበርኩ። ከመምህራኑ ገሚሱ ለትምህርት ወጥቶ ቀርቷል፣ ገሚሱ ታስሯል። ግእዝ እናውቃለን የምንል የቀረነው ዶክተሩና እኔ ነበርን። ዶክተሩን ያኔ «እርስዎ» እለው ነበር፤ ዛሬ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ይለኛል። ሰነፍ ነበር ብዬ አልዋሽም። ጀርመንኛን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፣ ሌሊት ከቀን ያነባል። ግእዙ ግን ከመዝገበ ቃላት የተለቀመ ነው፤ የጉባኤ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

እኔ ለጥናቴ ብዬ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ወደ ነፋስ ስልክ እወርድ ነበር። ከመካኒሳ በጎፋ በኩል በእግር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ መንገዱ ደስ ይላል። ጭቃው ደርቆ፣ ነፋሱ ከታች ከእርሻው የገለባ ሽታ ይዞ ይመጣል። የገበሬ ሚስቶች የሽምብራ እሸት በእቅፍ በእቅፍ እያሰሩ መንገድ ዳር ይሸጣሉ። ጾም ላይ ስለሆንን ገዝቼ በኪሴ እሞላና ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እያሸተትኩት እሄዳለሁ። ሰው በዚያ ዕድሜው ለጾሙ እንዲህ እየተጠነቀቀ ለሌላው ግድ የማይኖረው እንዴት ነው እያልኩ ዛሬም እገረማለሁ።

የምሄደው መሪጌታ ጥበቡ ዘንድ ነበር። በአንዲት የቀበሌ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ የጎጃም ሊቅ ናቸው። ትርጓሜውን በቃላቸው ያወርዱልኛል፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ዘጠኝ ሲሞላ በአንድ ትሪ የተልባ ፍትፍት እንበላለን፣ እሸቱን እንፈለፍላለን፣ እንደገና እንቀጥላለን። እሳቸው ዘንድ የግርጌ ማስታወሻ የሚባል ነገር የለም፤ ነገር ግን አንድም ቃል ያለባለቤቱ አይወጣቸውም። «ይህ የመምህሬ ነው»፣ «ይህ የመምህሬ መምህር ነው»፣ «ይህን ከዋሸራ የመጣ አንድ ተማሪ ነው የነገረኝ፤ ስሙ ጠፋኝ፣ ይቅር ይበለኝ» ይላሉ።

አንድ ረቡዕ ስለ ብርሃን መውጣት ወደሚናገር ጥቅስ ደረስን። የመምህራናቸውን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ያችን የፀሐይና የአጥር ነገር ተናገሩ።

«ይህች ደግሞ የማን ናት የኔታ?» አልኳቸው።

«ይህች የእኔ ናት» አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው። «በስሜ ጻፋት። ሌላ የራሴ የምለው የለኝም።»

ጻፍኩ። ስጽፍ ግን ተሳሳትኩ። በግእዝ ብርሃን የሚወጣው «ሠረቀ» ሲባል ነው፣ በንጉሡ ሠ። በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ከተባለ ሌባ ሆነ ማለት ነው። እኛ ሁለቱን ፊደላት በአፋችን መለየት ከተውን ብዙ ዘመን ሆኖናልና እጄ እሳቱን ሰ ሦስት ቦታ ጻፈ። አንብቤ ባሰማቸውም ለጆሮ ያው አንድ ነው፤ ዓይናቸው ደግሞ አያይም።

ደብተሩን ጥናቴን ለሚመራው ለዶክተሩ ሰጠሁት። ሁለት ወር ቆየ። ስጠይቀው «አንድ ቦታ አስቀምጬው ጠፋብኝ» አለኝ። አመንኩት።

ከዚያ ፋሲካ ሲቃረብ የኮሌጁ መጽሔት አዘጋጅ አቶ መርዕድ በመኪና የተተየበ ጽሑፍ አመጣልኝ። የጸሐፊው ስም በወረቀት ተለጥፎ ተሸፍኗል። «ግእዝ ስላለበት ነው፣ ቶሎ መልስልኝ» ብሎኝ ሄደ። ስም መሸፈኑ እንኳ ቀልድ ነበር፤ እኔ ካልጻፍኩት ማን ሊጽፈው ይችላል? አራተኛው ገጽ ላይ ያችኑ የፀሐይና የአጥር ነገር አገኘኋት። ከእሷ በላይ «ብርሃን ሰረቀ» ይላል፣ በእሳቱ ሰ፣ ሦስቴ። የትየባ መኪናው ንጉሡ ሠ የለውም እንዳይባል፣ ሌላው ቦታ ሁሉ በትክክል ተመትቷል። የገዛ እጄን ስሕተት አወቅሁት። ለጀርመኖቹ ሊቃውንት ሃያ የግርጌ ማስታወሻ ተሰጥቷል። ለመሪጌታ ጥበቡ አንድ የለም። ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሁለት አንቀጽ ተጨምሮበታል፤ አጥር የሌለው ድኻ ቀድሞ መሞቁ ለዘመኑ ሰዎች እንደሚጥም ዶክተሩ ገብቶታል።

የግምገማው ቅጽ ሦስት ምርጫ ነበረው፦ ይታተም፣ ታርሞ ይታተም፣ አይታተም። በዚያው ሰሞን ለውጭ ትምህርት የታጨ አንድ ሰው ነበር፤ እኔ። የእጩነቱን ደብዳቤ የሚፈርመው ዶክተሩ ነው። ሁለት ቀን ተሸክሜው ዞርኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለም? እኔም ይህን ተረት ጥሩ አድርጌ አጠናሁት። በሦስተኛው ቀን ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ «ታርሞ ይታተም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እርማቱም አንዲት ፊደል ነበረች፤ ሦስቱንም ሰ ወደ ንጉሡ ሠ መለስኳቸው። ደብተሩ ከጠፋ ወዲህ ጽሑፉ ከማን እጅ እንደ ተወሰደ የሚያሳይ ምልክት ያ ስሕተት ብቻ ነበር። እሱንም ራሴ አጠፋሁት።

ዶክተሩ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «ገምጋሚዬ ፊደል ጠንቃቃ ነው» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደብዳቤው በሳምንቱ ተፈረመ።

መጽሔቱ ሲወጣ መሪጌታ ወሬውን ሰምተው «አምጣና አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። አጥሯ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«የማን ነው ይላል?»

«የማንም አይልም የኔታ።»

«የመምህሬንም ስም አልጠራ?»

«አልጠራም።»

«አንተ ከመታተሙ በፊት አይተኸው ነበር?» አሉኝ።

«አላየሁም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያመኑኝ ይመስለኛል፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ያን ቀን ትሪው አልቀረበም። በነሐሴ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከአራት ዓመት በኋላ ስመለስ ክፍሏን ሌላ ሰው ይኖርባታል፤ የት እንደ ተቀበሩ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

እና ባለፈው ሳምንት ለዚያ ወጣት አዘጋጅ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ በስድስተኛው ገጽ ያለው ትርጓሜ የመሪጌታ ጥበቡ ነው፤ ይስተካከል። ትናንት ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አስተያየትዎ በጣም ጠቅሞናል» አለ። «ይህቺን ግን ምንጭ አጣንላት። የታተመ ነገር ይኖርዎታል?»

«የለኝም።»

«በእጅ የተጻፈስ?»

«ነበር። ጠፍቷል።»

«ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ ሰውስ?»

የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል አልኩት። ሊረዳኝ ፈልጎ «ግድ የለም ጋሼ፣ የቃል መረጃ ብለን እናስገባዋለን። በሕይወት ያለው ነጋሪ እርስዎ ስለሆኑ በእርስዎ ስም ይሆናል። ስምዎን እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አለኝ።

«መሪጌታ ጥበቡ ብለህ ጻፈው።»

«እሱ እኮ የእርስዎ ስም አይደለም» አለኝ፣ በትሕትና።

ልጁ ልክ ነው። ይህችን እርማት የምጽፍበት ቅጽ ከአርባ ዓመት በፊት እጄ ላይ ነበረ።