የልጄ በጎች በማን ደጅ እንዳደሩ

አበልጄ የልጄን በጎች ሳይነግረኝ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠብኝ። በደሉ ይኸው ነው። ሰው ሲያወራው ብዙ ይጨምርበታል፤ እኔ አልጨምርም፣ አልቀንስለትምም።

በጎቹ የሟች ሚስቴ ነበሩ። ከአባቷ ቤት ይዛ ከመጣችው የተዋለዱ፣ ጥቁር፣ ጸጉራቸው ለባና ብርድ ልብስ የሚፈለግ እናት በጎች። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ «ለልጅቷ ናቸው፤ ስታገባ ይዛቸው ትሂድ» አለችኝ። በኛ አገር ሴት ልጅ ስትታጭ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች መጥተው ለጎጆዋ የምትወስደውን ከብት በዓይናቸው ያያሉ። ያላሳየ አባት ልጁን ባዶ እጇን እንደሰደደ ይቆጠራል።

ሚስቴ ከሞተች በኋላ በግ የሚጠብቅልኝ ሰው አልነበረም። ልጄ ያኔ ቀየት ከተማ ትማር ነበር፤ እኔ ከእርሻ አልወጣም። ስለዚህ በጎቹን ለአበልጄ በርቢ ሰጠሁ። የርቢ ነገር ቀላል ነው፤ እሱ ያረባል፣ ግልገሉን እኩል እንካፈላለን፣ እናቲቱ ግን የኔ እንደሆነች ትኖራለች። ሰውየው ለብዙ ሰው ነበር የሚያረባው። የአስተማሪዎች፣ ከተማ የገቡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የመበለቶች በግ ሁሉ እሱ ጋጣ ውስጥ ተቀላቅሎ ያድራል። ሚስቱ ደግሞ ልጄን ክርስትና ያነሳች ናት። ከዚህ በላይ ምን ዋስ ልጥራ?

አንድ ልማድ አለን፤ የበላን እሱ ነው። በርቢ የሰጠኸውን በግ «እስቲ ልየው» ብለህ አትሄድም። ሄድክ ማለት ሰውየውን ሌባ ነህ አልከው ማለት ነው። ተቀባዩ ራሱ መጥቶ «ዘንድሮ መንታ ወልዳ ነበር፣ አንዱን ቀበሮ በላብን» ይልሃል። አንተም «እግዜር ይተካ» ትላለህ። አለቀ። ከአበልጅ ጋር ሲሆንማ ጭራሽ አይታሰብም።

ለልጄ እጮኛ ተገኘላት። ሽማግሌዎቹ ከመስቀል በኋላ ከብት ሊያዩ እንዲመጡ ቀጠሮ ተያዘ። ነሐሴ ላይ አበልጄ ዘንድ ሄድኩ።

«አበልጅ፣ በጎቹን ልወስዳቸው ነው» አልኩት።

«ጓሳ ግጦሽ ወጥተዋል። በዚህ ጭጋግ ማን ያወርዳቸዋል? ሰማዩ ይገለጥ እንጂ።»

ሰማዩ ተገለጠ። ጳጉሜን ላይ ተመልሼ ሄድኩ።

«አሁንስ?»

«ምነው አበልጅ፣ የምበላቸው መሰለህ እንዴ? ልጅቷ የኔም ልጅ አይደለችም?»

ሚስቱ ጠላ ይዛልኝ ወጣች። ዓይኔን ሽሽት መሬት መሬት ታያለች። ጠጣሁና ሄድኩ። መጠጣቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መስከረም ላይ ቀየት ገበያ አንዲት ጥቁር በግ አየሁ። ግራ ጆሮዋ ከጫፉ ሁለት ቦታ ተበጥቷል። እንዲያ የምትበጣው ሚስቴ ነበረች፤ ሌላ ሰው እንዲያ አይበጣም። የሚሸጣት ከግሼ አገር፣ ከራቤል የመጣ የእህል ነጋዴ ነው።

«ይቺን በግ ከየት አመጣሃት?» አልኩት።

«የዘር ገብስ የወሰደ ሰው ከሌሎች ጋር አስይዞኝ ነው። ይቺ መከነች፤ ልሽጣት ብዬ።»

የአስያዡን ስም ነገረኝ። አበልጄ ነው።

«ሌሎቹስ የት አሉ?»

«እኔ በግ የምጠብቅበት ጊዜ ያለኝ ይመስልሃል? ራቤል አጠገብ ላሉ ባልቴት በርቢ ሰጠኋቸው።»

እንግዲህ እየው። እኔ ለአበልጄ ሰጠሁ፣ እሱ ለነጋዴው አስያዘ፣ ነጋዴው ለባልቴቲቱ በርቢ ሰጠ። እኔ እቤቴ ተቀምጬ ቀበሮ በላው ስባል ግልገሎቹ ግሼ ይቦርቁ ነበር። ነጋዴውና ባልቴቲቱ እኩል ይካፈሏቸዋል።

በማግስቱ በአይሱዙ ራቤል ሄድኩ። ባልቴቲቱን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። በጎቹ ወፍረዋል። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ቤት እንዲያ ወፍረው አያውቁም።

«እማማ፣ እነዚህ በጎች የኔ ናቸው» አልኳቸው።

«ያንተ ከሆኑ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

ዓይኔን ወደ በጎቹ መለስኩ።

«ክረምቱን ከኔ ጋር እቤት አስገብቼ ነው ከውርጭ ያወጣኋቸው» አሉ። «ሰው አምኖ ሰጠኝ፣ ተቀበልኩ። የማን ናቸው ብዬ ልጠይቀው? ነጋዴውን ሰርቀህ ነው ወይ ልበለው?»

እኔን ያሰረኝ ይሉኝታ እሳቸውንም አስሯቸዋል። በትሬን ይዤ መጥቼ ነበር፤ ነድቼ ልሄድ። አልቻልኩም። ከባልቴት ደጅ በግ መንዳት እጄ እምቢ አለ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። ጋጣዬን አዩት።

«በርቢ ወጥተው ነው» አልኩ።

«ማን ዘንድ?» አሉኝ ከሁሉም ሸምገል ያሉት።

«አሁን ያሉት ራቤል ነው…»

«ራቤል ዘመድ አለህ እንዴ?»

«የለኝም።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጠላውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ለልጃቸው ሌላ አጩለት። ልጄ ወሬውን የሰማችው ከሰው ነው። ማታ እራት አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ እናቴ በጎቹን ለኔ ብላ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ሄደህ አላየሃቸውም?»

በማግስቱ ተነስቼ ወደ ደብሩ ሄድኩ።

ነገሩን ለደብሩ ሽማግሌዎች አቀረብኩ። ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። የኔ ብቻ አልነበረም። የአስተማሪውም በግ የለም፣ የመበለቶቹም የለም፤ ሁሉም በመያዣ ሄዷል። ሁሉም እንደኔ ዝም ብሎ ከርሟል። በአበልጄ ጋጣ ውስጥ ለዓይን ያህል ጥቂት በግ ስላልጠፋ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ የራሱ ያለች ይመስለዋል።

አስተማሪው፣ እኔንም በሽበቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው ነው፣ ተነስቶ ተናገረ።

«ይሄ ነገር እኛ ብቻ የደረሰብን እንዳይመስላችሁ። በውጭ አገር ሰዎች ገንዘብ ያዋጡና ለአንድ ድርጅት ይሰጣሉ፤ ድርጅቱ አክሲዮን ይገዛላቸዋል። ታዲያ ያንን አክሲዮን ድርጅቱ ለሌላ ያውሰዋል፣ የተዋሰውም ለሌላ ያስይዘዋል። አንድ ቀን ሲናጋ የማን ንብረት የት እንዳለ የሚያውቅ ታጣ። በኋላ ሕግ አወጡ። ንብረቱን የያዘው ድርጅት ለማን እንዳዋሰ፣ ምን መያዣ እንደተቀበለ፣ ትርፉን ማን እንደሚወስድ ሳይጠየቅ ለባለቤቶቹ ይናገራል።»

አበልጄ ሳቀ። «እነሱ የማይተማመኑ ሆነው ነዋ!»

«አበልጅ የላቸውም» አልኩት። «ቢኖራቸው ሕጉን ቀደም ብለው ያወጡት ነበር።»

ጉባኤው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሱም ሳቁን ዋጠው።

«ሰብሌን በረዶ መታብኝ» አለ። «ዘር አልነበረኝም። ልመልሳቸው ነበር።»

«ብትነግረኝ እምቢ እልህ ነበር?»

«አትለኝም ነበር።»

«ታዲያ?»

«አፈርኩ» አለ።

እሱ መናገር አፍሮ፣ እኔ መጠየቅ አፍሬ፣ መሐል ላይ የልጄ ነገር ፈረሰ። ይቅር አላልኩትም። አሁንም አላልኩትም።

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ፈረዱ። እናት በጎቹ ለኔ ይመለሱ። ግሼ የተወለዱት ግልገሎች ላሳደጓቸው ባልቴት ይቅሩ። የነጋዴውን ገብስ አበልጄ ከአጨዳው ይመልስ፤ ገበያ የተሸጠችውንም በግ ይተካ። ከዚያ ለሁላችንም ሥርዓት አወጡ። የሰው በግ በርቢ የያዘ፣ ባለቤቱ በምስክር ፊት እሺ ሳይል ለማንም አያስይዝም፣ ለማንም በርቢ አይሰጥም። በየወሩ በሚካኤል ማኅበር ላይ ይነሳና የማንን በግ እንደያዘ፣ በማን ደጅ እንደሚያድር፣ ምን እንደተወለደና ማን እንደወሰደው ጮክ ብሎ ይናገራል።

«ከእንግዲህ ‹በጌ የት አለ?› ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም» አሉ የደብሩ ቄስ። «የተቆጣ ካለ መጀመሪያ የሱ ጋጣ ይታያል።»

አጨዳው አልቆ ገብሱ ተመለሰ፤ በጎቹም መጡ። ባልቴቲቱ ናቸው ከሰው ጋር ነድተው ያመጧቸው፤ እስከ ጋጣው በር ድረስ። አንዷን አንገቷን ዳሰሱና ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ልጄ ያኔ ዓለም ከተማ ሥራ ይዛ ነበር። ደውዬ፣ «በጎችሽ ገቡ» አልኳት።

«ደግ» አለችኝ። «እዛው ይሁኑ አባዬ። ከእንግዲህ የኔን ከብት ሊያይ የሚመጣ ሽማግሌ የለም።»

ነገሩ ያለቀው ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም. ነው።