ያመጣችውን ውሃ ሳታይ

እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም፤ ዕድሜዬ ያለቀው ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው ስዞር ነው። ክልል በሆንን ሰሞን ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ሴት ልጄ ዘንድ ከርሜ ነበር። በየስብሰባው «ሐኪሞቻችን ከራሳችን ልጆች ይወጣሉ፤ ሴቶችም ይማሩ» ይባላል። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

አንድ ረፋድ ባሮ ወንዝ ዳር ልብስ ሳጥብ የልጅ ልጄ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከጓደኞቿ ጋር ጄሪካን ስትሞላ አየኋት።

«ትምህርት የለም እንዴ?»

«አለ፣ ሳይንስ ነው። ወንዶቹ ውሃ በማይክሮስኮፕ ያያሉ፤ እኛ ውሃውን እናመጣለን።»

«እናንተስ መቼ ልታዩ?»

«ያመጣነውን አቀብለን ዳግም ቀድተን እስክንመለስ ሰዓቱ ያልቃል።» ጄሪካኗን ከደነችና፣ «እማማ፣ ወንዶቹ ውሃው ውስጥ የሚርመሰመስ ነገር አለ ይሉኛል። እያሾፉብኝ ይሆን?»

ደሜ ፈላ። ተሸክማ ያመጣችውን ከሌላ አፍ ትስማ?

በእኛ ዘንድ ተረት በቀን አይወራም፤ ቀን የተረተ ከብቱ ይጠፋበታል ይባላል። እኔ እንደሆነ ከብት የለኝ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩላቸው። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ቅሏ ውስጥ ድምፅ የሰማች ልጅ ነበረች። ያገኛት ሁሉ «ዝም ብለሽ ተሸከሚ» ይላታል። እሷ ግን ቅሏን አወረደች፣ አጎንብሳ አየች።

«ከዚያስ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ። ነይ፣ አንቺው ትጨርሽዋለሽ።»

ጄሪካኑን ለሁለት ይዘን፣ ጓደኞቿም ከኋላ እየተከተሉን፣ ትምህርት ቤት ደረስን። መምህሩ ከደጋ የመጣ ወጣት ነው፤ በር ላይ ተቀበለን።

«እናቴ፣ እዚያ ያስቀምጡት።»

«ተረቴ አላለቀም።»

«ተረት? በጠራራ ፀሐይ?» ወንዶቹ ሳቁ።

ጄሪካኑ ላይ ተቀመጥኩበት። «ይህች ልጅ ያመጣችውን ራሷ ሳታይ አንድ ጠብታ ደጃፍህን አያልፍም፣ ልጄ።» ድምፄ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከጄሪካኑ ግን አልተነሳሁም።

መምህሩ ሰዓቱን አየ። «እሺ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።»

የልጅ ልጄ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ቆየች። «እማማ፣ አሉ! ዙሪያቸውን ፀጉር አላቸው፤ በፀጉራቸው ይቀዝፋሉ፣ ልክ እንደ ጀልባ።»

ጓደኞቿ ግን ጄሪካናቸውን አቀብለው ደጅ ቆመው ቀሩ። መምህሩ «አንድ ጊዜ ብቻ» ያለው ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን በሄድኩበት አገር ሁሉ ውሃ የተሸከመች ልጅ ካገኘሁ ያን ተረት እነግራታለሁ፣ በቀን። ለማታ አቆዪው ይሉኛል። ማታማ ሴት ልጅ ደክሟት ትተኛለች።