እትዬ አልታዬ ሳኦ ፓውሎ ሊሄዱ ሲሉ

መካነ ሰላም፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ማዶ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ። አሁን አሁን ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ያስተይባል፤ ምን እንደሚያስተይብ ግን መጀመሪያ እኔን መጥቶ ይጠይቃል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። የድንበር ክርክር፣ ፍቺ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ያልጻፍኩት የለም። ሳኦ ፓውሎ እሄዳለሁ ብሎ ጠረጴዛዬ ፊት የቀረበ ሰው ግን ከእትዬ አልታዬ በፊት አላየሁም።

እትዬ አልታዬ የሚኖሩት ከገበያው በስተጀርባ ነው። የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ እሳቸው የፈተሉት ክር የገባበትን ባና የለበሰ ሰው የአቀስታን ብርድ አይፈራም ይባላል። ወገባቸው ጎበጥ ያለ፣ መዳፋቸው የሻከረ፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ሴት ናቸው። እኔ አምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ይበልጡኛል ብዬ ስለማስብ "እትዬ" እላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ "ጋሽ ሃሩን" ሲሉኝ ለጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ባላቸው ጋሽ ዋለ ገበሬ ናቸው፤ ዝምተኛ። እትዬ አልታዬ ሲያገቡ ይዘዋት ከገቡት ከሰብሌ በቀር ልጅ የላቸውም። ሰብሌ እዚሁ ተምራ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ በእርሻ ትምህርት ተመረቀች፣ ከዚያ ስለ ቡና በሽታ ልታጠና ብራዚል ሄዳ እዚያው ባል አገባች። ጥር ላይ ማርገዟን አበሰረች። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሐምሌ መግቢያ ላይ ስለምወልድ አባቴና እናቴ ይምጡልኝ የሚል የግብዣ ደብዳቤ ላከች።

"ሳልደርስ እንዳትወልድ ነው ጋሽ ሃሩን" አሉኝ እትዬ አልታዬ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው። "ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ። እሷ ስታምጥ እኔ ራስጌዋ መሆን አለብኝ።"

የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ታርሳታለች፤ በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያውቀው ወግ ነው። ስለዚህ ጥድፊያቸው አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። የምትወልድበትን ቀን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ፤ ደስታ ደግሞ እንደዚያ አያስደጋግምም።

"አብሽሩ" አልኳቸው። "እኔ እያለሁ ወረቀት አያግድዎትም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉዞው ዝግጅት እኔ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ከጋሽ ዋለ አፍ በዓመት የሚወጣው ቃል ባንድ ሳምንት ወጣ።

"አገሩ ደጋ ነው ቆላ?" አሉኝ።

ስልኬን ከፍቼ አየሁና "ወይናደጋ ብጤ ነው። ግን እኛ ክረምት ስንገባ እነሱንም ይበርዳቸዋል" አልኳቸው።

"ይዘንባል?"

"ደረቅ ብርድ ነው ይላል።"

ጋሽ ዋለ ይህን ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ። "ካልዘነበ ብርዱ ምን ያደርግላቸዋል?" አሉ። ቀጥለው አውሮፕላኑ ለምሳ የት እንደሚቆም፣ የሐዋርያት ጾም ስላልተፈታ የጾም ምግብ ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። ያን ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ በያዘ ከተማ ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚደርሰው ማን እንደሆነም ጠየቁ። የመጨረሻውን እኔም አላወቅሁትም።

እትዬ አልታዬ በበኩላቸው የገንፎ ገብስ አስፈጩ፣ አብሽ አዘጋጁ፣ ለሕፃኑ የምትሆን ክንድ የማትሞላ ባና አሠሩ። ሰብሌ በስልክ "ቅቤ ማስገባት አይፈቀድም" ብትላቸው "ጠጉሬን የምቀባው ነው እላቸዋለሁ" ብለው መለሱላት። ፓስፖርት ለማውጣት ደሴ ሊሄዱ ሲነሱ፣ መንገዱ በአቀስታ ስለሆነ "እግረ መንገድዎን ዘመድ ይጠይቃሉ" አልኳቸው። "ዘመድ የለኝም" አሉኝ ባጭሩ። ትውልዳቸው ከዚያ እንደሆነ ስለማውቅ ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበርና ተውኩት።

ከደሴ ተመልሰው፣ ለኤምባሲው የሚገባውን ወረቀት ሁሉ ባንድ ማህደር ላሰናዳ ስቀመጥ ነው ያየሁት። የእትዬ አልታዬ መታወቂያ 1977 ተወለዱ ይላል። የሰብሌ የልደት ምስክር ወረቀት 1988 ይላል። ሳቄ መጣ። እኛ ዘንድ ዕድሜ በግምት ነው የሚሰጠው፤ መዝጋቢው ሲጠይቅ አፍ ላይ የመጣው ይነገራል። ከገዛ ልጁ በሁለት ዓመት የሚያንስ አባት ጠረጴዛዬ ላይ አስተናግጃለሁ።

"እትዬ፣ በአስራ አንድ ዓመትዎ ነው እንዴ የወለዷት?" አልኳቸው እየሳቅሁ።

አልሳቁም። ጋሽ ዋለ ወደ መሬት አዩ።

"ግዴለም" አልኩ፤ "ዕድሜዬ ይስተካከልልኝ ብለን እናመለክታለን። ሁለት ምስክር ይበቃል።" ወረቀት ስቤ መጻፍ ጀመርኩ። ከመታወቂያቸው "አልታዬ ንጉሡ ይማም" ብዬ ገለበጥኩ። ከልጂቱ ወረቀት ላይ "ሰብሌ ንጉሡ ይማም" ብዬ ገለበጥኩና እጄ ቆመ።

"የእርስዎም አባት፣ የሰብሌም አባት ንጉሡ ናቸው?"

"ያጋጥማል" አሉኝ።

"ያጋጥማል። አያቶቹም ሁለቱም ይማም ናቸው?"

መታወቂያቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ያን ጊዜ ነው 1977ን ደግሜ ያየሁት። የወሎ ሰው ሌላውን ዓመት ሁሉ ይሳሳት ይሆናል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ የተወለደ ሰው ግን እናቱ ስትነግረው ስለኖረች ዓመቱን አይስትም። ይህን ሳላስብ መሳቄ አሳፈረኝ።

"ዕድሜዬ ልክ ነው ጋሽ ሃሩን" አሉኝ። "አርባ ዓመቴ ነው። ሰብሌ እህቴ ናት።"

ቀና ብዬ አየኋቸው፣ ከወገባቸው እስከ መዳፋቸው። በአስራ ሦስት ዓመት የምታንሰኝን ሴት ይኸን ሁሉ ዘመን እትዬ ስል ኖሬአለሁ። ከዚህ ወዲያ ያለውን በአንቱታ ልጽፈው አልችልም፤ የነገረችኝ ስለ አንዲት ትንሽ ልጅ ነውና።

እናታቸው ሐረግ ትባል ነበር። ከአቀስታ በላይ ባለ መንደር ሰብሌን በወለደች ማግስት ደም ፈሰሳት። ጎረቤት ቃሬዛ አሰናድቶ ሳይጨርስ አረፈች። አባታቸውም ብዙ አልቆየም። አንዲት አክስት አራስ ስለነበረች ጡቷን ለሁለት ሕፃን አካፈለች። ማጠቡ፣ ማዘሉ፣ ሌሊት ተነሥቶ ማባበሉ ግን የአልታዬ ሆነ። አስራ አንድ ዓመቷ ነበር። አስራ አምስት ሲሞላት አክስትየዋ ከነልጆቿ መቸገሯን አየች። የአራት ዓመት ልጅ አዝላ በእህል መኪና መካነ ሰላም መጣችና ነጋዴ ቤት ተቀጠረች።

"መጀመሪያ እህቴ ናት ነበር ያልኩት" አለችኝ። "እመቤቲቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። 'እህትሽ ከሆነች ወረኢሉ ልጅ ያጣች ዘመድ አለችኝ፣ ታሳድጋት' አሉኝ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ሲነጋ 'ዋሽቼዎት ነው፣ ልጄ ናት' አልኳቸው። እናትና ልጅ እንለያይ አላሉም።"

"አመኑዎት?" አልኳት።

"ቁመቴ ረጅም ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው አልኳቸው። ያለ ባል የወለደች ተባልኩ፤ ልባል። ሰብሌንም እማዬ በይኝ አልኳት፤ ባንድ ሳምንት ለመደችው።" ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "እኔም ለመድኩት።"

ከሰው ሁሉ የሚያውቀው ጋሽ ዋለ ብቻ ነው። ከመጋባታቸው በፊት ስትነግረው "እሺ" ብሎ እስከ ዛሬ አላነሳውም።

"አሁን እናቷ ብለው ይጻፉኝ" አለችኝ። "ዕድሜዬን ወደ ላይ ያውጡት። ማን ያውቃል?"

እውነቱን ልናገር፣ ልጽፍላት ነበር። ወላሂ እስክሪብቶውን አንስቻለሁ። ምስክር ቁጠር ብባል ከተማው በሙሉ እናቷ ናት ብሎ ይምላል፤ ከሰጠቻት ሁሉ አንጻር ውሸትም አይመስለኝም ነበር። ያቆመኝ የጋሽ ዋለ ድምፅ ነው።

"የሐኪሟን ንገሪው" አላት።

ጥር ላይ የሰብሌ ሐኪም "እናትሽ አንቺን ስትወልድ እንዴት ነበረች? ደም ፈሷት ነበር?" ብላ ጠይቃት፣ ሰብሌም ደውላ ይህንኑ ጠይቃ ነበር። አልታዬ "በደህና ነው፣ በግማሽ ቀን ተገላገልኩ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ አልተኛችም።

"ለዚህ ነው የምቸኩለው" አለችኝ። "ራስጌዋ ካለሁ ደሙን ቶሎ አያለሁ። በቋንቋቸው ባልችል እጮሃለሁ።"

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ እጮሃለሁ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ጮህኩ። "ቪዛው ቢዘገይስ? መንገዱ ቢዘጋስ? ቀኗ ቀድሞ ቢመጣስ? እርስዎ ገና ደሴ ሆነው ልጅቱ ብትወልድ ማን ነው የሚጮህላት?" የእትዬነቷን አንቱታ አፌ አሁንም አልተወውም ነበር። "ይህን ወረቀት አልጽፍም። ከእርስዎ በፊት ቃልዎ ይድረስላት።"

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት እናቷ ነበርኩ" አለችኝ ቀስ ብላ። "በእርግዝናዋ ላይ፣ በሰው አገር፣ እናት የለሽም ልበላት?"

በጩኸቴ አፈርኩ። ጋሽ ዋለ ነው የተናገረው፤ "ትጥላሽ፤ ብቻ ትትረፍ" አላት። አልታዬ ስልኩን ከባሏ ኪስ አወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሳኦ ፓውሎ ገና ረፋድ ነው። ኮምፒውተር ቤቱ የኋላ ክፍሉን ሰጠን። ልወጣ ስል እጅጌዬን ያዘችኝና ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ምን ሆነሻል?" አለች ሰብሌ በቪዲዮው ፊቷን አይታ።

"ስሚኝ፣ አታቋርጪኝ። በደህና ወለድኩሽ ያልኩሽ ሐሰት ነው። የወለደችሽ እኔ አይደለሁም። እናታችን ሐረግ ትባላለች። አንቺን በወለደች ማግስት ደም ፈሷት ሞተች። ይህን ለሐኪምሽ ዛሬውኑ ንገሪያት። ከዚያ በኋላ ለእኔ የፈለግሽውን በይኝ።"

ሰብሌ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

"ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?" አለች።

"አስራ አንድ።"

"እሺ" አለችና ስልኩ ተዘጋ።

በነጋታው አልደወለችም። በሁለተኛውም ቀን። አልታዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ መጥታ ትቀመጥና ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትፈትላለች። "ኔትወርክ ይሆናል" እላታለሁ። "ይሆናል" ትለኛለች። ሁለታችንም አናምነውም። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ምነው አፌን በያዝኩ እላለሁ፤ ጠዋት ሲሆን ደግሞ ደግ አደረግሁ እላለሁ። በሦስተኛው ቀን የተፈጨውን የገንፎ ገብስ ጎረቤቷ ለነበረች አራስ ሰጥታ ባዶ እጇን መጣች። "ገብስ ሲቆይ ይነቅዛል" አለችኝ። ከተፈጨ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር።

የዚያን ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስልኩ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩላት እኔ ነኝ።

"እማዬ" አለች ሰብሌ።

አልታዬ ዓይኗን ጨፈነች።

"ለሐኪሜ ነግሬአታለሁ። መዝግባዋለች። ስወልድ ደም ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፣ አትፍሪ። የግብዣውንም ደብዳቤ ለውጬ ልኬአለሁ። እህቴ ናት ይላል።"

"ደግ አደረግሽ" አለች አልታዬ።

"ሦስት ቀን የጠፋሁት ተቆጥቼ አይደለም። እኛ ፎቅ ላይ አንዲት ልጅ አለች፤ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ ቦርሳው ይከብዳታል ብላ እናቷ ናት የምትይዝላት። ልደውልልሽ ስልኩን አነሳለሁ፣ ያቺን ልጅ ደረጃው ላይ አያታለሁ፣ ድምፄ እምቢ ይለኛል። እማዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት አንቺ ነሽ ያዘልሽኝ?"

"አዎ።"

"እንዴት ቻልሽ?"

ጋሽ ዋለ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። አልታዬ ሁለት እጇን ስልኩ ላይ አሳረፈች።

"አንቺ እኮ ቀላል ነበርሽ" አለቻት። "አልከበድሽኝም።"