የባየሽ ምስርና የድንበሩ ወረቀት

ባለቤቴ ባየሽ ምስር ሳትለቅም ድስት ጥዳ አታውቅም ነበር። ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ ከፎቆቹ ሥር ባለችው ትንሽ ምግብ ቤታችን የምንሠራበት ምስር ከካናዳ የሚመጣ፣ በማሽን የተጣራ ነው። እሷ ግን በየማለዳው ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ፍሬ በፍሬ ታየዋለች። «በማሽን ተለቅሟል እኮ» ስላት፣ «ማሽን ጥርስ የለው፣ ምን ቸገረው?» ትለኛለች። በአሥራ አንድ ዓመት ያገኘችው ጠጠር አንድ ብቻ ነው።

ስትለቅም በስልኳ ሬዲዮ ትሰማ ነበር። ከዊኒፔግ የምትናገር አንዲት ካናዳዊት አለች፤ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ታወራለች፤ ወገንተኝነቷም ለሠራተኛው ነው። ባየሽ መጀመሪያ የወደደቻት ዝግ ብላ ስለምትናገር ነው። «ሴትዮዋ እንግሊዝኛውን አላምጣ ነው የምትሰጠኝ» ትል ነበር። እያደር ግን ሌላ ነገር ሆነ። ጠዋት የሰማችውን ቀን ለደንበኞች ምሳ እያቀረበች ታወራላቸው ጀመር።

አስመራ በአማርኛ የተማረው ጡረተኛው ተስፋማርያም ሁልጊዜ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። «አንቺ ሴት፣ ካናዳ ደመወዝ ቆርጣልሻለች መሰለኝ» ይላታል።

«ቆርጣልኝ ቢሆንማ አንተን በነፃ አላበላህም ነበር?»

«አሁንስ መቼ ከፍዬ አውቃለሁ?»

ለእኛ ቤት ሁዳዴ የዓመቱ መከር ነው። ባለፈው ዓመት ባየሽ ጾሙ ሳይገባ፣ የጾም ምሳ ዋጋ እስከ ፋሲካ እንደማይነካ ለደንበኞች ቃል ገባች። አብዛኞቹ ሆስፒታል የሚሠሩና መኪና የሚነዱ ናቸው፤ የሥራ ሰዓት የተቀነሰባቸውም ነበሩ። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ዋሽንግተን በካናዳ ዕቃ ላይ ቀረጥ መጣሉ ተሰማ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ዮሲ መጣ። ዮሲ ከጅምላ አከፋፋይ ምስር የሚያመጣልን ልጅ ነው፤ ተጫዋች ነው፤ ባየሽን እንደ እናቱ ያከብራታል። ጆንያዎቹን አራግፎ አዲሱን ዋጋ ነገረን። ከኪሱም የታተመ ማስታወቂያ አወጣ፤ «ውድ ደንበኞቻችን፣ የዋጋው ጭማሪ በካናዳ ምክንያት የመጣ ነው» ይላል።

«እትዬ ባየሽ፣ ይቺን መስኮቱ ላይ ይለጥፏት። ሰው በእርስዎ እንዳያዝን።»

«ካናዳ ምን አደረገች?»

«ቀረጡ ነዋ!»

«ምስር ላይ?»

«ሁሉም ነገር ላይ።»

የዚያን ዕለት ማለዳ የሬዲዮዋ ሴትዮ ስለዚሁ ተናግራ ነበር። ቀረጡን የሚከፍለው ካናዳ ሳይሆን ዕቃውን የሚያስገባው ነጋዴ፣ በመጨረሻም ገዢው ነው አለች። ካናዳ ውስጥ የበቀለና የሦስቱ ጎረቤት አገሮች የንግድ ስምምነት የሚሸፍነው እህል ደግሞ በቀናት ውስጥ ከቀረጡ ወጥቷል፤ በስሙ የሚያስከፍላችሁ ካለ ወረቀቱን ጠይቁት አለች። ባየሽ መልሳ መላልሳ ሰምታዋለች።

«ዮሲዬ፣ ቀረጥ የከፈላችሁበትን ወረቀት አምጣልኝ፤ እሱን እለጥፈዋለሁ።»

ዮሲ ሳቀ። «እትዬ፣ አለቃዬ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም። ካልተስማማዎት ጭነቱን እመልሰዋለሁ። በሁዳዴ ከየት ሊያመጡ ነው?»

«መልሰው።»

መለሰው። በሩን ይዤለት የነበርኩት እኔ ነኝ። ጓዳ የቀረን ምስር ከአራት ቀን አያልፍም ነበር። ተናደድኩ። ለአንድ ብጣሽ ወረቀት ብለሽ ቤቱን ልትዘጊው ነው አልኳት።

«አክሊሉ፣ ዋጋው ብቻ ቢሆን እንደምንም እችለው ነበር» አለችኝ። «መስኮትሽ ላይ ውሸት ለጥፊ ማለት ግን ምንድን ነው? ኑሮውን ያስወደዳችሁት እናንተ መጤዎቹ ናችሁ እየተባልኩ ነው እዚህ የኖርኩት። እኔ ደግሞ በተራዬ ጥፋቱን ጎረቤት አገር ላይ ልጻፍ?»

ቅዳሜ ምስሩን ራሳችን ልናመጣ ወደ ዊኒፔግ ተነሣን። ልጃችን ፋና ለድንበሩ የሚያስፈልገውን ፎርም «ማም፣ ዩ አር ክሬዚ» እያለች ሞላችልን። ሰባት ሰዓት ሙሉ በበረዶ መሐል ነዳሁ። ከአንድ የእህል መጋዘን ስምንት ጆንያ ምስር፣ የት እንደበቀለ ከሚገልጽ ወረቀት ጋር ገዝተን በማግስቱ ተመለስን።

ድንበሩ ላይ መኮንኑ አንዱን ጆንያ ፈትቶ እጁን ከተተ። ባየሽም ከጎኑ አጎንብሳ ምስሩን በጣቷ ትበትን ጀመር።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አላት።

«ጠጠር» አለችው። ቀጥላም ቀረጡ ስንት እንደሆነ ጠየቀችው።

ወረቀቱን አገላበጠ። «እዚያው የበቀለ ነው። ምንም የለበትም።»

«እሱን ጻፍልኝ።»

«ምኑን?»

«ምንም እንደሌለበት።»

መኮንኑ አየኝ፤ እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። የመግቢያውን ወረቀት ማኅተም አድርጎበት ሰጣት፤ በቀረጡ ቦታ ዜሮ ተጽፎበታል። እስከ ሚኒያፖሊስ ድረስ እንዳይታጠፍ ደረቷ ላይ ይዛው መጣች።

ሰኞ ጠዋት ዜሮውን በቀይ እስክሪብቶ ከብባ፣ የዮሲ ማስታወቂያ ሊለጠፍበት በነበረው መስኮት ላይ ሰቀለችው። ተስፋማርያም መነጽሩን አድርጎ ለገባው ሁሉ ሲያነብ ዋለ። የአካባቢው ባለሱቆች እየመጡ በስልካቸው ፎቶ አነሡት፤ እነሱም አከፋፋዩን ወረቀት ይጠይቁ ጀመር። ምሳው ዋጋው ሳይነካ ቀጠለ።

በሦስተኛው ሳምንት ዮሲ በድሮው ዋጋ ምስር ጭኖ መጣ።

«ተስተካክሏል እትዬ። እንግዲህ ወረቀቷን ያንሷት።»

«ምን አደረገችህ?»

«አለቃዬ አልወደዳትም።»

«እንግዲያው ትቆያለች። ጆንያውን እዚያ አድርግልኝ። ምሳ በልተሃል?»

ባየሽ በጥቅምት ዐረፈች። ዮሲ አሁንም ምስር ያመጣልናል፤ ሲገባ መስኮቱን አያይም። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ፋና ወረቀቱ በፀሐይ ደብዝዟል፣ ዜሮው ራሱ አይታይም፣ እናንሳው አለችኝ። ሰፌዱን እንደያዝኩ ቀይ እስክሪብቶ አምጪልኝ አልኳት።