ስድስተኛዋ መስመር

ታፔላ ጸሐፊው «ማስመሪያ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት በከንቱ አይደለም። የተንጋደደ ነገር አይወድም። ሰው ቤት ገብቶ እንኳ የተጣመመ ፎቶ ካየ ሰላምታውን አቋርጦ ያቃናል። ሚስቱ «እኔንም ያገባኝ ቁመታችን እኩል ስለሆነ ነው» እያለች ትቀልድበታለች።

ፊደል ያስቆጠረችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አራት ዓመቱ ነበር። አዝላ ያሳደገችው፣ በከሰል ግድግዳ ላይ ያስጻፈችው እትዬ ናት። የ«ላ» እግር አለቅጥ ሲረዝምበት እጁን ይዛ ታሳጥርለት ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሆስፒታል የሚሰጣቸውን አገልግሎቶች በትልቅ ታፔላ እንዲጽፍለት ጠራው። ግራው ስድስት መስመር፣ ቀኙ አምስት ሆነበት። ባዶዋ ቦታ ዓይኑን ወጋችው። ሥራ አስኪያጁን ጠርቶ «ጌታዬ፣ ይቺ ባዶዋን ቀረች፤ አያምርም» አለ።

«ሌሎቹ ሆስፒታሎች ምን ይጽፋሉ?»

«የኩላሊት እጥበት ይጽፋሉ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «በል ጻፋት! ማሽኑንም አንድ ቀን እናስገባ ይሆናል።»

ጻፋት። ያውም አሳምሮ! ማስመሪያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ያን ቀን ሞኝ ነበር። ታፔላው እንዳይጎድልበት ፈለጋት እንጂ ታሞ የሚያነባት ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጅ ወለምታስ በምን ይታሻል?

ባለፈው ወር የእትዬ ኩላሊት ከዳት። ክፍለ ሀገር ያያት ሐኪም «ዛሬ ነገ ሳትሉ እጥበት ያስፈልጋታል» ብሎ ከከተማው ማዶ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ላካት። ባሏ በጠዋት አውቶቡስ ይዟት መጣ። ከመናኸሪያው ሆኖ ለማስመሪያ ሦስት ጊዜ ደወለ። ማስመሪያ መሰላል ላይ ነበር፤ ስልኩ ከታች፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ። ወይ ቀን ሲጥል!

እትዬ ቀና ስትል ታፔላውን አየች። «እዚሁ አለ እኮ፣ ማዶ ምን አደከመን?» አለች።

«ሐኪሙ የላከን እዚያ ነው» አላት ባሏ።

«ይሄ የወንድሜ እጅ ነው። የ«ላ»ን እግር አላውቃትም? እሱ ያልሆነውን አይጽፍም።»

ገቡ። ከካርድ ክፍል ወደ ቁጥር ሦስት፣ ከቁጥር ሦስት ወደ ላቦራቶሪ፣ «ተራ ጠብቁ» እየተባሉ ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ነርስ ወረቀቱን አየችና ደነገጠች። «እጥበት? እዚህ ኖሮም አያውቅም!»

«ተጽፏል እኮ!» አለ ባልየው።

«እሱንማ የጻፈውን ጠይቁ።»

ማስመሪያ ከመሰላሉ ወርዶ፣ ስልኩን አይቶ ማዶ ያለው ሆስፒታል ሲደርስ እትዬ ፊቷ አብጦ ቃሬዛ ላይ ተኝታ ነበር። ማሽኖቹ ተይዘዋል። «እስከ ስድስት ሰዓት ብትደርሱ ኖሮ!» አሉ። «ነገ ጠዋት የመጀመሪያዋ እሷ ናት።» ለመነ፣ አለቀሰ፤ የታመመ ሰው ከማሽን ተነቅሎ አይነሳላት ነገር።

እትዬ ቀለም የነካውን እጁን ያዘችው። «ታፔላህን አየኋት፤ እንዴት አምራለች፣ የኔ ጌታ።»

እውነቱን ሳይነግራት የተንጋደደ ነጠላዋን አቃናላት። ጠዋት ተራዋ ደርሶ ስሟ ሲጠራ አቤት የሚል አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ነጭ ቀለምና መሰላል ይዞ ሄደ። ዘበኛው «ደብዳቤ አለህ?» አለው።

«ስጽፋት ማን ደብዳቤ ጠየቀኝ?»

«መጻፍና ማጥፋት አንድ ነው እንዴ? ያለ ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ አትነካም።»

ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። ማስመሪያ መሰላሉን ቤቱ ትቶ፣ ጣሳውን ብቻ ይዞ ታፔላው ሥር መቆም ጀመረ። ሌላ ምን ያድርግ?

በአራተኛው ቀን አንድ ሰው ሚስቱን ደግፎ መጣ። ታፔላውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ጣቱ ስድስተኛዋ መስመር ላይ ቆመ። ማስመሪያ ዘሎ ክንዱን ያዘው።

«ወንድሜ፣ እጥበት እዚህ የለም! ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

ሰውየው ያልተላጨ ጢሙን፣ የቀላ ዓይኑን፣ ቀለም የተለቀለቀ ጣሳውን አየ። ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ።

«እግዜር ይማርህ» አለውና ሚስቱን ይዞ ወደ ካርድ ክፍሉ ገባ።