ለሁዳዴ የተቆረጠ የዛንዚባር ቲኬት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ አስናቀ አንድ ጥራዝ ቲኬት፣ አንድ እስክሪብቶና ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የፈረንጅ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ያለችው የጉዞ ቢሮ የእሳቸው ናት። እኔ ደግሞ ከይጁቤ የመጣሁ፣ የጸሐፊነት ዲፕሎማ የያዝኩ ልጅ ነኝ። «ታይፕ የምመታ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው። «እሱም አይቀርልሽም» አሉኝ።

የአውሮፕላን ቲኬት ያኔ በእጅ ነበር የሚጻፈው። የመንገደኛው ስም ከፓስፖርቱ በአንዲት ፊደል ከተለየ ቅጠሉ ይሰረዛል፤ ጋሽ አስናቀም ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ቅጠል አበላሸሁ። ሦስተኛው ላይ ማኩረፉ ሰለቻቸው መሰል፣ ሳቁ።

ሁለት ዓመት ተለማማጅ ሆኜ፣ ከዚያ ቲኬት ጸሐፊ ሆኜ ሠራሁ። ደንበኞቻችን ዐረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች፣ ለስብሰባ የሚጓዙ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚነሡ አዛውንቶች ነበሩ። «ልዝናና» ብሎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ «የጉዞ አዘጋጅ» የሚለውን ማዕረግ ሲሰጡኝ ምኑን እንደማዘጋጅ እኔም እሳቸውም አናውቅም ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ የመጡት ያኔ ነው። የምግብ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ጥብሳቸውን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣ «ባሕር የሚባለውን አይቼ፣ የሰው አገር ምግብ በልቼ መመለስ እፈልጋለሁ። አምስት ቀን ይበቃኛል» አሉ።

«ምን ዓይነት ምግብ ላስይዝልዎ?»

«እኔ ያልሠራሁትን።»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ሠላሳ ዓመት ሰው አበላሁ፤ ለሠርጉ፣ ለተስካሩ፣ ለመንገደኛው። እኔ ተቀምጬ፣ ቀርቦልኝ፣ ትኩሱን የበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሳልሞት አንዴ ይቅረብልኝ» አሉ። አንጀቴን በሉት። ቋንቋ ስለማይችሉ «አንቺም አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አሉና ጋሽ አስናቀን አስፈቀዱልኝ።

ዛንዚባርን መረጥኩ። ቅርብ ናት፣ ሙቀት አላት፣ ባሕር አላት፣ የቅመም አገር ናት። እዚያ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ካላቸው ሴት ጋር በኢሜይል ተጻጻፍን፤ ቢ ሳልማ ይባላሉ፤ «ቢ» እንደ እኛ «እትዬ» ነው። ወቅቱን እትዬ ጥሩወርቅ «ሥራ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ይሁን» ስላሉኝ ቆጠርኩና ፌብሩዋሪ ላይ አሳረፍኩት። ቲኬቱ ተቆረጠ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ተከተብን፣ ፕሮግራሙን በሚያምር ፊደል አትሜ ምግብ ቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ገበያ ውስጥ ቅምሻ። ስድስት ሰዓት፣ የዓሣ ምሳ። ማታ፣ በከሰል የተጠበሰ ዶሮ።

«ሰብለ፣ ይሄ ፌብሩዋሪ በእኛ ምንድን ነው?»

«የካቲት ነው፣ እትዬ።»

«የካቲት ላይ ምን አለ?»

ቀኑ የሚውለው ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የምግብ ቤት ሥራ የሚቀዘቅዘው ታዲያ ለምን ሆነና! ልኳንዳው ሲዘጋ፣ ቢላዋ ሲሰቀል አይደል? የደብረ ማርቆስ ሕፃን የሚያውቀውን እኔ የጉዞ አዘጋጇ ስቼው ቁጭ አልኩ። ዓመታት ሙሉ በፈረንጅ ቀን ስቆጥር ኖሬ፣ ፌብሩዋሪ ማለት ለእኔ ቁጥር ብቻ ሆኖ ነበር።

ቲኬቱ ደግሞ የማይቀየር ዓይነት ነው። ለጋሽ አስናቀ «ከእንግዲህ ባሕረ ሐሳቡን ሳላይ ቲኬት አልቆርጥም» ብላቸው፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉኝ።

ከቀናት በኋላ ምግብ ቤታቸው ስመለስ እትዬ ጥሩወርቅ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው መንገደኛ ስለሆንሽ ሰዓቱ ይቅለልልሽ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። ለሆዴ ብዬ ሄጄ መንገደኛ ነኝ ማለት ያሳፍራል። በቃ ባሕሩን አይቼ እመለሳለሁ። ቀርቦልኝ መብላት ለእኔ አልተጻፈም» አሉ። ጓዳቸው ገብቼ አለቀስኩ።

በነጋታው ለቢ ሳልማ ጻፍኩ። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም የለም። እንዲህ ያለ እንግዳ አልቀበልም ይላሉ ብዬ ነበር። መልሳቸው የዚያኑ ቀን መጣ። «ረመዳንን ከልጅነቴ ጀምሮ እጾማለሁ። ጾመኛ ማብላት ይከብዳታል ብለሽ ነው? የምትፈቱበትን ሰዓት ብቻ ንገሪኝ» ይላል። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ጠዋቱን ለእግር ጉዞ፣ ዘጠኝ ሰዓትን ለማዕድ።

ሄድን። በመጀመሪያው ጠዋት የቅመም እርሻ አየን። እትዬ የቅርንፉድ ዛፍ ሥር ቆመው፣ «ሠላሳ ዓመት ስወቅጥሽ ዛፍ ትሁኚ ሣር አላውቅም ነበር» ብለው ግንዱን ሳሙት። አስጎብኚው የሚያስቀምሰውን ሁሉ እያሸተቱ ወደ ዘንቢላቸው ከተቱ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። እኔ አንዲት ቁራጭ ማንጎ ዞር ብዬ ቀምሻለሁ፤ ንስሐ ስለገባሁበት አሁን ብናገረው ግድ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ቢ ሳልማ ማዕዱን አቀረቡ፤ ቀረፋ የገባበት ሩዝ፣ ጎመን፣ ካሳቫና ነጭ መረቅ ውስጥ የሚዋኝ አደንጓሬ። እትዬ ሳህኑን አይተው ገፋ አደረጉት።

«ወተት ነው።»

«የኮኮናት ነው እኮ፣ እትዬ። ጾም ነው።»

«ልጄ፣ ወጥ ስሠራ አርጅቼ ወተት ይጠፋኛል? ይኸው ነጭ ነው፣ ይኸው ቅባቱ።» ተነሡና፣ «ጓዳውን አሳዩኝ፤ እኔው ራሴ እሠራለሁ» አሉ።

ሁሉም ነገር ሊበላሽ ነው ብዬ ፈራሁ። ለቢ ሳልማ በእንግሊዝኛ ስነግራቸው፣ እትዬን ትከሻቸውን ይዘው መልሰው አስቀመጧቸው። ከዚያ አንድ ኮኮናትና መፈቅፈቂያ የተገጠመለት ትንሽ በርጩማ አምጥተው ማዕዱ ፊት ተቀመጡ። ኮኮናቱን ሰበሩት፣ ፈቀፈቁት፣ በሞቀ ውኃ አሽተው በጨርቅ ጨመቁት። ነጩ መረቅ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ሲወርድ እትዬ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሁለት ጊዜ ሊያግዙ ብድግ ሲሉ፣ ቢ ሳልማ ሁለቱንም ጊዜ በእጃቸው መለሷቸው። ማስተርጎም አላስፈለገም።

ቢ ሳልማ ቀዝቅዞ የነበረውን አንሥተው ትኩሱን አቀረቡ። እትዬ ጥሩወርቅ አማትበው በሉ፤ ሲጨመርላቸውም «በቃኝ» አላሉም። መጨረሻ ላይ ሩዙን ጠቅልለው ቢ ሳልማን አጎረሱና ወደ እኔ ዞሩ። «ማንም አልጠራኝም፤ አየሽ? በልቼ እስክጨርስ ጥሩወርቅ ብሎ የተጣራ የለም» አሉ። እንባቸው ይወርድ ነበር፤ ፊታቸው ግን ይስቅ ነበር።

አሁን ቢሮውን ለቅቄያለሁ። ሥራውን የሚጀምሩ ልጆች ምን እናስቀድም ይሉኛል። ፕሮግራም ስትጽፉ እንግዳው መቼ እንደሚበላና ማን እንደሚያቀርብለት በመጀመሪያ ጻፉ። ምን እንደሚበላ በኋላ ይደረስበታል።